የሰማንያ ቀኑ እርማት

አባ ገነነ ባለፈው ዓመት የሞቱት በእኛ ማተሚያ ቤት ነው። የአንድ ዕድር መጽሔት ስናትም ፎቶግራፋቸው «በሞት የተለዩን አባሎቻችን» ከሚለው ገጽ ገባ። መጽሔቱ በታደለ በሦስተኛው ቀን ከገበያ ሲመለሱ ወደ ማተሚያ ቤቱ ጎራ አሉ፤ በትራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ተቀመጡና፣

«እጅጉ፣ ሙቷል ብለሃል አሉኝ። ላረጋግጥ መጣሁ» አሉ።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ እጅጉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለስላሳ አስመጡላቸው። አባ ገነነ ለስላሳውን ቀስ ብለው ጠጥተው ጨረሱ። ከዚያም እርማት እንዲወጣና የገደላቸው ሰው በእርማቱ ላይ እንዲጻፍ ጠየቁ። ጋሽ እጅጉ «ስሕተቱ የማተሚያ ቤቱ ነው» ብለው አወጡ። አባ ገነነ አንብበው፣ «መልካም። እንግዲህ ልሂድ፤ ያልታጨደ ጤፍ አለኝ» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ደንብ ወጣ። አንደኛው፣ ስለ ሰው የተጻፈ ነገር ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ምስክሮች ሳይጠየቁ ከቤታችን አይታተምም። ሁለተኛው፣ ማንኛውም እርማት ሲወጣ ስሕተቱ የማን እንደ ሆነ ይጻፋል። ሁለቱንም ካርቶን ላይ ጽፌ ከማሽኑ በላይ የሰቀልኋቸው እኔ ነኝ።

በማተሚያ ቤቱ ወረቀት እቆርጣለሁ፣ እጠርዛለሁ፣ ፊደል አርማለሁ። ስሜ ክንዱ ነው። በስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀቴ ላይ ግን «ክንዴ» ተብሎ ወጥቷል። ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ መስኮቱ ላይ የነበሩት ሰው «ክንዴ ማለት አንተ ነህ?» ሲሉኝ ከኋላዬ ብዙ ሰው ተሰልፎ ስለ ነበር «አዎ» ብዬ ተመለስሁ።

ስለዚህ ጋሽ እጅጉ ዘንድሮ በታኅሣሥ፣ «ይህን የቡሬውን መጽሔት አንድ ቅሬታ ሳይመጣበት ካወጣህልኝ፣ በመጨረሻው ገጽ ‹አራሚ፦ ክንዱ ሠርክአዲስ› ብዬ አስገባልሃለሁ» ሲሉኝ የዚያን ቀን ምሳዬን ረሳሁ።

መጽሔቱ በቡሬ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት የሃምሳኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። የዝግጅት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደጀኔ ይባላሉ፤ በትምህርት ቤቱ ሠላሳ ዓመት ስፖርት አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ገጽ ሠላሳ አንድን በእጃቸው ጽፈው ይዘው መጡ። እንዲህ ይላል፦

«ታዋቂዋ ተዋናይትና የቀድሞዋ የቴኒስ ተጫዋች ያምሮት ባምላኩ የካቲት 16 ቀን 1980 ዓ.ም. በቡሬ ከተማ ተወለደች። ዕለቱ ኪዳነ ምሕረት ስለ ነበር የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ተባለ። ጥር 25 ቀን 1995 ዓ.ም. በተደረገው የዞኑ የሴቶች ከ15 ዓመት በታች የቴኒስ ውድድር ተጋጣሚዎቿን ሁሉ ድል ነሥታ ሻምፒዮን ሆነች።»

ያምሮትን የማያውቅ የለም። እናቴ እንኳ ታውቃታለች፤ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ አማቷን ከቤት ስላስወጣች እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም።

«ይጣራል» አሉ ጋሽ እጅጉ ወረቀቱን ለእኔ እያቀበሉ።

«ምኑ?» አሉ አቶ ደጀኔ። «ያሠለጠንኋት እኔ፣ ያጫወትኋት እኔ፣ የጻፍሁት እኔ!»

«ለዚያ ነዋ የሚጣራው።»

ኢንተርኔት ከጠፋ ስለ ቆየ የሚጣራው በእግር ነው። ገጽ ሠላሳ አንድ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ስላለበት ባሕር ዳር ሄዶ ይታተማል፤ የእኛ ማሽን የሚያውቀው ጥቁር ብቻ ነው። የሚጭነው መኪና የሚሄደው ሐሙስ ስለ ነበር፣ ሰኞ ጧት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ተሳፈርሁ።

የቴኒስ ሜዳው ከከተማው ዳር ነው። መንገድ ሊሠሩ የመጡ የውጭ ሰዎች በካምፓቸው ውስጥ በሲሚንቶ ሠርተውት ሄዱ። አሁን በርበሬ ይሰጣበታል። መረቡን ይይዙ የነበሩት ሁለት ብረቶች እንደ ቆሙ ናቸው፤ በመካከላቸው የልብስ ገመድ ታስሯል። ነጩ መስመር በርበሬው ሳሳ ባለበት ቦታ ይታያል። አንዲት ሴት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ በእንጨት መንሽ ታገላብጣለች። በልጅነቷ ከያምሮት ጋር ቴኒስ ትጫወት ነበር የተባለችው ናጂሃ ጁማ እሷ እንደ ሆነች ነገሩኝ።

አጠገቧ ቆምሁና አስነጠሰኝ። ቀጥሎም አስነጠሰኝ።

«ምን ልስጥህ?» አለችኝ። «ዛላ ነው ድቁስ?»

«ለመግዛት አይደለም። ስለ ቴኒስ ነው።»

መንሹን አቆመች።

«እርስዎ ከያምሮት ባምላኩ ጋር ተጫውተው ነበር?» አልኋት።

«አንቺ በለኝ። ከእሷ እኮ አንሳለሁ።»

«ተጫውታችሁ ነበር?»

«ተጫውተን ነበር። ተሸነፍሁ። ስድስት ለአራት። ጻፈው።»

ጻፍሁት። «ከአንቺ ሌላስ ማንን አሸነፈች?»

«ከእኔ ሌላ ማን ነበረና?»

«ወረቀቱ ‹ተጋጣሚዎቿን ሁሉ› ይላል።»

«ሁሉ እኔ ነኝ» አለች ናጂሃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለውድድሩ ከየወረዳው ሁለት ሁለት ልጃገረዶች እንዲመጡ ተጠርቶ ነበር። ራኬት የነበረው ግን ቡሬ ብቻ ነው፤ እሱም መንገድ ሠሪዎቹ ጥለውት የሄዱት ሁለት ራኬት። የሌላው ወረዳ ልጆች መጥተው አጨብጭበው ተመለሱ። ያሸነፈችው ባሕር ዳር ለሥልጠና ተወሰደች፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ቴያትር ቤት።

«ከዚያ ወዲህ የማያት በቴሌቪዥን ነው» አለች ናጂሃ፣ በርበሬውን ወደ ማገላበጥ ተመልሳ።

«የተወለደችበትን ቀንስ ታውቂዋለሽ?»

«ክርስትና እናቷን ጠይቅ። እማማ እታለም ይባላሉ፤ አሁን የሚኖሩት ቋሪት ገበዝ ማርያም ነው። ከዚያ በኋላ ከፈለግኸኝ እዚሁ ነኝ።»

ማክሰኞ በእህል መኪና ወደ ገበዝ ማርያም ወጣሁ። እማማ እታለም ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። አንገታቸው ላይ በክር የታሰረ ስልክ አለ።

«ከመንግሥት ነህ ከዕድር?» አሉኝ።

«ከማተሚያ ቤት ነኝ እማማ። ስለ ያምሮት ላጣራ ነው። የተወለደችው በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው?»

«ማን? ልጄ? ምነው አንተ! የየካቲት ኪዳነ ምሕረትማ ክርስትና ያነሣኋት ዕለት ነው። ወለተ ኪዳን ያሏትስ ለዚያ አይደል? በተወለደች ዕለት ሊያጠምቋት ኖሯል?»

«ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው።»

«እህሳ። ቁጠራ!»

ወደ ኋላ በጣቴ ቆጠርሁ። እማማ እታለም ጣቶቼን እየተከተሉ አብረውኝ ቆጠሩ። ኅዳር 27 ላይ ደረስን።

«መድኃኔዓለም» አሉ። «እናቷን ምጥ የያዛት ጤፍ አጨዳ ላይ ነው። ማጭዱን እኔ ነኝ ከእጇ የተቀበልኋት። በየካቲት ደግሞ ምን ጤፍ አለ?»

«አቶ ደጀኔ ናቸው የካቲት ብለው የጻፉት። ከክርስትና ወረቀቷ የገለበጡት ይመስለኛል፤ ትምህርት ቤት ሲመዘግቧትም እንዲሁ።»

«ደጀኔ ሴት ልጅ አለችው?»

«የለቻቸውም። አምስት ወንዶች ናቸው።»

«እንግዲያማ በምን ይወቀው» አሉና ነገሩን ዘጉት።

ስመለስ ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጬ ሌላ ቁጥር ቆጠርሁ። ያምሮት ኅዳር 27 ቀን 1980 ከተወለደች፣ ጥር 25 ቀን 1995 ናጂሃን ስታሸንፍ አሥራ አምስት ዓመት ከሃምሳ ስምንት ቀን ሆኗታል። ውድድሩ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሃምሳ ስምንት መጣ።

ይህን ከተናገርሁ ቅሬታ መምጣቱ አይቀርም። ዝም ካልሁ ግን እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚቆጥር ሰው የለም። ስሜ በመጨረሻው ገጽ ይወጣል። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

ረቡዕ ጧት ማተሚያ ቤቱ ስደርስ ገጽ ሠላሳ አንድ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ጠበቀኝ። አምስት መቶ ቅጠል ነው። ያምሮት ራኬት ይዛ ትስቃለች።

«መንገድ ተከፈተ ሲባል መኪናው ሰኞ ማታ ወጣ» አሉ ጋሽ እጅጉ። «ሐሙስ ድረስ ማን ይጠብቃል? የአንተ ደኅና ነው አይደል?»

«ደኅና ነው» አልሁ።

እስከ ምሳ ድረስ ወረቀት ቆረጥሁ። ከምሳ በኋላም ቆረጥሁ። መቁረጫው ያለው ከማሽኑ ፊት ለፊት ስለ ሆነ፣ ቀና ባልሁ ቁጥር ካርቶኑ ይታየኛል። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ እጅጉ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው።

ጋሽ እጅጉ መነጽራቸውን አወለቁ። «ክርስትና እናት ዘመድ ናት አይደለችም?» አሉ።

ያልጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። «የሥጋ አይደለችም» አልሁ።

ብዙ አሰቡ። «ዘመድ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ ምስክር ፈልግ። የተሸነፈችዋንም ዕድሜ አጣራ። እንዲህ ከሆነ ማንም አይታመንም።»

ሐሙስ ወደ ቡሬ ተመለስሁ። ናጂሃ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የአባቷ ሱቅ ውስጥ ነበረች።

«ዘገየህ» አለችኝ።

«እትዬ ናጂሃ፣ ከክርስትና እናቷ ሌላ ቀኑን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። ያንቺንም የልደት ቀን።»

«ሰው የለም» አለች። «በር ግን አለ።»

ተነሥታ የሱቁን በር ዘጋችው። ከሳንቃ የተሠራ ከባድ በር ነው፤ ቀን ቀን ሲከፈት ጀርባው ከግድግዳው ጋር ይገጥማል። ውስጡ ጨለመ። ስልኬን አበራሁ። የበሩ ጀርባ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ ቀለም ተጽፎበታል። አባቷ አቶ ጁማ በዚያ መንደር ደኅና አድርጎ የሚጽፍ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ልጅ የተወለደለት ሁሉ እየመጣ ቀኑን ያስጽፍ ነበር። ፊደሉ ቀጥ ያለ ነው። አንድም ቦታ ኅዳርን በሃሌታው «ሀ» አልጻፉትም። ከመካከሉ እንዲህ አገኘሁ፦

«ኅዳር 27/80 የባምላኩ ሴት ልጅ።» ከሥሩ ሰባት ስም አለና፣ «ነሐሴ 9/80 ናጂሃ፣ የኔ።»

«ይህን ታውቂ ነበር?» አልኋት።

«ከልጅነቴ ጀምሮ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ጣቷን ከጽሑፉ ላይ አሳርፋ፣ «ባሸንፍም አባዬ ባሕር ዳር አይለቀኝም ነበር» አለች። «እሷን የሚከለክላት አልነበረም። ሁለታችንም ከምንቀር አልሁ።»

«አሁንስ ይታረም?»

«ይታረም አላልሁም። አይታረምም አላልሁም። ጠየቅኸኝ፣ አሳየሁህ» ብላ በሩን ከፈተችው። ጽሑፉ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ዐርብ አቶ ደጀኔ ተጠሩ። ነገሩን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሃምሳ ስምንት ቀን! ለሃምሳ ስምንት ቀን የሰው ክብር ይነካል?»

«‹በታች› ነው የሚለው» አሉ ጋሽ እጅጉ። «ልጅቷ በላይ ነች።»

«እጅጉ፣ በስፖርት ሃምሳ ስምንት ቀን ዕድሜ አይባልም! በዚያው ዓመት በወንዶቹ እግር ኳስ የአንዱ ወረዳ ተከላካይ ልጁን አዝሎ ነው የመጣው። ማን ምን አለው?»

«እሱ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የለም።»

የዚያን ቀን ኔትወርክ ነበር። አቶ ደጀኔ ያምሮት ዘንድ ደወሉና ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሰላምታው ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ አቶ ደጀኔ፣ «አንድ ልጅ የሚያስቸግረን ነገር አለ፤ ራሱ ይንገርሽ» ብለው ወደ እኔ ገፉት።

ከቴሌቪዥን የማውቀው ድምፅ «አቤት፣ ማን ልበል?» አለኝ።

«ክንዱ ነኝ፤ አራሚው። እትዬ ያምሮት፣ የልደት ቀንዎ ኅዳር 27 ሆኖ ተገኝቷል።»

«ሰማንያ ቀን ጨመርህብኝ ማለት ነው» አለች። «የእኔ ወንድም፣ በእኛ ሙያ ዕድሜ ሲታረም ወደ ላይ አይሄድም። ተወው፤ የካቲትን ለምጄዋለሁ።»

አቶ ደጀኔ ወደ ጋሽ እጅጉ በድል አድራጊነት ተመለከቱ።

«ናጂሃን አግኝተሃታል?» አለች ያምሮት።

«አግኝቻታለሁ።»

«ምን አለች?»

«‹ተሸነፍሁ። ስድስት ለአራት። ጻፈው› አለችኝ።»

ስልኩ ጸጥ አለ። አቶ ደጀኔ የተቋረጠ መስሏቸው ሦስት ጊዜ «ሃሎ» አሉ።

«አለሁ ጋሼ» አለች ያምሮት። «ክንዱ፣ በሩን ዘግታ አሳየችህ?»

«አሳየችኝ።»

«እኔም አይቼዋለሁ። ከውድድሩ በፊት እዚያ ቤት ድብብቆሽ ስንጫወት አብረን አነበብነው። እሷ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን አየኋት፤ ወጥተን ራኬታችንን ያዝን። በል ሁለት መስመር ጻፍ። ቀኑን አርመው። ‹ሻምፒዮን› የሚለውንም ‹ሁለተኛ› በለው።»

«ከሁለት ሰው ሁለተኛ?» አሉ አቶ ደጀኔ በተሰበረ ድምፅ።

«ከሁለት ሰው ሁለተኛ፣ ጋሼ።»

ገጹ ታትሟል፤ ድጋሚ ለማሳተም ቀን የለም። የቀረው በትንሽ ወረቀት እርማት አትሞ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ መለጠፍ ነው። ጋሽ እጅጉ ሁለቱን መስመር አጻፉኝና ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«ስሕተቱ የማን ነው?» አሉ።

«እኔ ካህኑ የጻፉትን ነው የገለበጥሁት» አሉ አቶ ደጀኔ።

«እኔ ስወለድ ቀን አልያዝሁም» አለ ስልኩ።

«የማተሚያ ቤቱ አልልም» አሉ ጋሽ እጅጉ። «ዓምና ሰው ገድሏል። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ጥፋት ከጻፍሁበት ማን ሠርግ ያሳትምብኛል?»

ሁሉም ካርቶኑን አዩ። ባለቤት የሌለው እርማት ከዚያ ቤት አይወጣም።

«የአራሚው ይባል» አልሁ።

ጋሽ እጅጉ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ቅሬታ መጥቷል። በመጨረሻው ገጽ ስምህ እንደማይገባ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እዚህ የሚገባው ደግሞ በጥፋት ነው።»

«በትክክል ይጻፍልኝ እንጂ ግድ የለም» አልሁ።

«ፊደሉን ራስህ ልቀመው» አሉኝ። ራሴ ለቀምሁት፦

«እርማት። በገጽ 31 ‹የካቲት 16› የሚለው ‹ኅዳር 27› ተብሎ ይነበብ፤ ‹ሻምፒዮን ሆነች› የሚለው ‹ሁለተኛ ወጣች፤ አንደኛዋ ናጂሃ ጁማ ናት› ተብሎ ይነበብ። ስሕተቱ የአራሚው የክንዱ ሠርክአዲስ ነው።»

አምስት መቶውን አተምሁ። ሦስተኛውን መስመር አምስት መቶ ጊዜ አነበብሁት፤ ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ለጠፍሁ።

በዓሉ በጥር መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሆነ። አባ ገነነ በዚያ ትምህርት ቤት ባይማሩም ከፍኖተ ሰላም ድረስ መጥተው ነበር። መጽሔት ሲሰጣቸው ከሁሉ በፊት የሙታኑን ገጽ ገልጠው በጣታቸው እስከ ታች ወረዱ፤ ጨርሰውም «ደኅና ነው» አሉኝ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ያምሮት ከመድረኩ ወንበር ተነሥታ ከታች በተቀመጡት በርበሬ ነጋዴዎች መካከል ገብታ ከናጂሃ አጠገብ ተቀመጠች። ምን እንደ ተባባሉ ብዙውን አልሰማሁም። ናጂሃ «ሃምሳ ስምንት ቀን ሙሉ ባልቴት ኖረሻል!» ስትላት ግን ሰምቻለሁ፤ ሰውም ዞሮ አይቷቸዋል።

ሰው መበተን ሲጀምር ናጂሃ መጽሔቱን ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ እንደ ገለጠች ወደ እኔ መጣች።

«ክንዱ ማለት አንተ ነህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኋት። ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው አልነበረም።

እርማቱን እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አነበበችው። ቀና ብላም አየችኝ።

«ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኸው?»

«ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ» አልኋት።